ሳሙናውና የጨው ማንኪያ

ልጄ ቤት ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና እየሠራች መሸጥ ጀምራለች። ባለፈው ቅዳሜ 20 ሊትር በጥብጣ ስትጨርስ አያቷ ባልዲውን አዩና «ይሄማ ውሃ ነው፤ ማን ይገዛሻል?» አሏት። ጨው ጨመረች፤ ወፈረ። አያት ደስ ብሏቸው «እስቲ ድገሚው» አሉ። ደገመች። በሦስተኛው ግን ሳሙናው ከመጀመሪያውም ብሶ ቀጠነ። ልጅቷ ገንዘቤ ፈሰሰ ብላ አለቀሰች፤ አያቷም ጥፋቱ የእኔ ነው ብለው ምሳ እምቢ አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ ቴክሳፖን የምንለው አጣቢ ንጥረ ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ቅንጣቶቹ ተሰባስበው በዓይን የማይታዩ ድቡልቡሎች ይሠራሉ። ቅንጣቶቹ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። ጨው ይህን ግፊያ ያረግበዋል። ያኔ ይጠጋጋሉ፤ ድቡልቡሉም ረዝሞ እንደ ክር ይሆናል። ክሮቹ እርስ በርስ ሲተበተቡ ሳሙናው ይወፍራል፤ እንደ ላስቲክም የመሳብ ጠባይ ያመጣል። አማስላችሁ ድንገት ስታቆሙ በውስጡ ያለው አረፋ ትንሽ ወደ ኋላ የሚመለሰው ለዚህ ነው። ጨው ከልክ ሲያልፍ ግን ክሮቹ ቅርንጫፍ እያወጡ ይያያዛሉ፤ መጋጠሚያዎቹ በቀላሉ ስለሚንሸራተቱ ትብትቡ ይላላል፤ ሳሙናውም መልሶ ይቀጥናል።

ለምትሠሩ፦ ጨዉን በውሃ አሟሙታችሁ መጀመሪያ በአንድ ብርጭቆ ሳሙና ላይ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ሞክሩ። ሳሙና ሲሞቅ ስለሚቀጥን፣ ሳይቀዘቅዝ አትፍረዱበት። የገባ ጨው አይወጣም፤ ከበዛ ጨው ያልነካው ሌላ ሳሙና አዘጋጅታችሁ ቀላቅሉበት።

ለምትገዙ ደግሞ፦ በውፍረቱ ብቻ አትመኑ። ጨው ያወፍራል እንጂ እድፍ አያስለቅቅም። ቀጠን ያለው ሳሙና ከወፍራሙ የበለጠ አጣቢ ንጥረ ነገር ሊኖረው ይችላል። ሳህን አጥባችሁበት ፍረዱ።

ልጄ በማግስቱ ጨው የሌለበት ሳሙና በጥብጣ ከቀጠነው ጋር ቀላቀለችው፤ ወፈረላት። አሁን የጨው ማንኪያውን የያዙት አያት ናቸው። የሾርባውን ማንኪያ ትተው የቡና ማንኪያ ይዘዋል።