በግን የሚያዞረው ሁሉ አዙሪት አይደለም

ፍኖተ ሰላም፦ ክረምቱ ሲቃረብ የምዕራብ ጎጃም አርሶ አደር ጉልበቱም ሐሳቡም ማሳው ላይ ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በቆሎ ሲዘራና ሲኮተኮት፣ የበርበሬ ችግኝ ሲተከል፣ በጎቹ ለልጅ እረኛ ይተዋሉ። መዥገር የሚበረታውም በዚሁ ወቅት ነው።

በአካባቢው የሚረባው የዋሸራ በግ ለገበሬው የእጅ ገንዘብ ነው፤ ለማዳበሪያ፣ ለልጅ ደብተር ወይም ለሕክምና ሲቸግር ወደ ገበያ ይነዳል። ስለዚህ በክረምት የሚሞት በግ የሚያጎድለው የቤተሰቡን መጠባበቂያ ነው።

መዥገር ደም ከመምጠጡ የከፋው ጉዳቱ የሚያስተላልፈው ባክቴሪያ ነው። በምዕራብ ኢትዮጵያ በስፋት የሚገኘው፣ እግሩ በነጭ ቀለበት የተዥጎረጎረው አምብሊዮማ የተሰኘው መዥገር ኸርትዎተር የሚባለውን በሽታ ያሠራጫል። ባክቴሪያው የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ በሳንባና በልብ ዙሪያ ውኃ ይጠራቀማል። መዥገሩ ገና ትንሽ ሳለ ከታመመ ከብት ደም ሲመጥ ባክቴሪያውን ይወስዳል፤ ከዚያ ወድቆ ካደገ በኋላ በግ ላይ ሲወጣ ያስተላልፋል። በጎችን ብቻ ረጭቶ ከብቶችን መተው ስለዚህ አያዋጣም።

ምልክቱ አሳሳች ነው። የታመመ በግ ይዞራል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ እግሩን ከፍ እያደረገ ይራመዳል፣ ወድቆም ይንፈራገጣል። ይህን ያየ ሁሉ «አዙሪት ነው» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። አዙሪት ግን ከውሻ የኮሶ ትል የሚመጣና በአንጎል ውስጥ ቀስ በቀስ የሚያድግ በሽታ ነው፤ በአብዛኛው ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ኸርትዎተር በድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል።

ልዩነቱን ማወቅ በጉን ሊያተርፍ ይችላል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት የሚያድነው በትኩሳቱ ወቅት ከተሰጠ ነው፤ በጉ ከወደቀ በኋላ እምብዛም አይረዳም። መብላት ያቆመና ከመንጋው ወደኋላ የቀረ በግ በዚያው ቀን በእንስሳት ጤና ባለሙያ ትኩሳቱ ሊለካ ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ በታመመ በግ አፍ ውስጥ እጅ ማስገባት አደገኛ ነው።

የከተማ አድላቢዎችም ሊያስተውሉት የሚገባ ጉዳይ አለ። መዥገር በሚበዛበት አካባቢ የተወለደ ግልገል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተነከሰ በሽታውን የመቋቋም አቅም ሊያዳብር ይችላል። መዥገር ከሌለበት ደጋ ተገዝቶ የወረደ በግ ግን ይህ አቅም የለውም፤ በቀላሉም ይሞታል።

መከላከሉ ከባድ አይደለም። ጆሮን፣ ብብትን፣ ከጅራት ሥርንና የሰኮና መሐልን በየሳምንቱ መፈተሽ ያስፈልጋል። አንዲት የጠገበች መዥገር እስከ 20 ሺህ እንቁላል ልትጥል ስለምትችል፣ የተለቀመው መዥገር መሬት ላይ ሳይጣል መቃጠል አለበት። የመዥገር መድኃኒትም በባለሙያ ልክ ይበጠበጥ፤ የቀጠነው መዥገሩን ያለማምዳል፣ የሰብል ፀረ ተባይም በጉንና ረጪውን ይመርዛል።

የእንስሳት ጤና ኬላዎች መድኃኒቱን ይዘው መገኘት ያለባቸው መዥገሩ ከመውጣቱ በፊት ነው። በሐምሌ የሚደርስ መድኃኒት በሰኔ የሞተውን በግ አይመልስም።