አንድ ሰው ምን ይፈይዳል?

ቁስቋም ሰፈር ላይ ስለ ፓርላማ የተነሣ ወሬ ሩቅ አይሄድም። «ሁሉም እጅ አውጪ ነው፤ አንዱ ቢቃወምስ ምን ይፈይዳል?» ተብሎ ይዘጋል። አባባሉ እንደ ጥበብ ይወሰዳል፤ ለአራት ኪሎ ግን ከዚህ የተመቸ የለም።

ቅሬታው ያለ ምክንያት አልመጣም። በግንቦት 1997 ምርጫ ተቃዋሚው ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮች በሙሉ አሸነፈ፤ ከተመራጮቹ ብዙዎቹ ግን ምክር ቤቱን ሳይረግጡ ቀሩ፣ መሪዎቹም ታሰሩ። በ2002 ገዢው ግንባር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ ወንበሮች 545ቱን ወሰዱ። የቀሩት ሁለት ነበሩ፦ ከአዲስ አበባ በተቃዋሚው መድረክ ስም የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉ እና ከቦንጋ በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ።

አቶ ግርማ በድምፃቸው የሚያስቀሩት አዋጅ አልነበረም፤ ሒሳቡ አይፈቅድም። ነገር ግን እጃቸውን ለተቃውሞ ባነሡ ቁጥር «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» የሚለው ዜና ይበላሽ ነበር። ቀላል ነገር አይደለም። ይህን የሚንቅ ሰው 2007ን ያስታውስ፤ ያን ጊዜ ምክር ቤቱ ያለ አንድ ተቃዋሚ 547ቱም በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ ተሞላ። ኅዳር 2008 ግንጪ ላይ ተቃውሞ ፈነዳ፤ መስከረም 2009 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አዳራሹ ውስጥ ያልተነሣው ጥያቄ መንገድ ላይ ወጣ።

የአባባሉ ትልቁ ስሕተት የታየው የካቲት 23 ቀን 2010 ነው። በዚያው ተቃዋሚ በሌለው ምክር ቤት ሁለተኛው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለድምፅ ሲቀርብ 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አፈ ጉባኤ አባዱላ ገመዳ የድጋፉን ድምፅ በመጀመሪያ 346 አሉ፤ ይህ ለሁለት ሦስተኛ አይበቃም። ቁጥሩ በኋላ ወደ 395 ታረመ። አባላቱ በ2007 የተመረጡት እነዚያው ናቸው። እጅ ማውጣትን ልማድ አድርጎት የኖረ ምክር ቤት እንቢ ማለትንም እንደሚችል አሳየ።

ለሕዝብ የተነገረው ግን ድምር ነው። መራጩ ወኪሉ ከ88ቱ ወይስ ከ395ቱ መሆኑን በምን ይወቅ? የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1836 ጀምሮ ማን ለየትኛው ወገን ድምፅ እንደሰጠ በስም ያትማል። «አንድ ሰው ምን ይፈይዳል» ባዩ እንዲህ ያለ ዝርዝር ከአራት ኪሎ ጠይቆ ያውቃል?