ለለንደን ማዘን ብቻ አይበቃም

የዊልያም ብሌክን «ለንደን» ስናጠና፣ ብዙዎቻችን ቤት አመታቱን መርምረን፣ «ሮማንቲክ» ብለን ሰይመን፣ ለድኾቹ ጥቂት አዝነን ደብተሩን እንዘጋለን። ይህን የመሰለው ንባብ ለፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ለኅሊና ግን አይበቃም።

ገጣሚው በረቂቁ ላይ መንገዱንም የቴምስንም ወንዝ «ቆሻሻ» ብሏቸው ነበር። በ1794 (እ.ኤ.አ.) በገዛ እጁ በመዳብ ላይ ቀርጾ ሲያትመው ግን ቃሉን ለውጦ ሁለቱንም በቻርተር የተያዙ አደረጋቸው። ቻርተር ለጥቂቶች መብት የሚሰጥ የመንግሥት ጽሑፍ ነው። ቆሻሻ ጠራጊ ብቻ ይፈልጋል፤ ቻርተር ግን ሰጪም ተጠቃሚም አለው። እንግዲህ የከተማይቱ መከራ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን የሰው ሥራ ነው።

ግጥሙ የጭስ ማውጫ ጠራጊውን ልጅ ጩኸት ከቤተ ክርስቲያን፣ የወታደሩን ሲቃ ከቤተ መንግሥት ጋር የሚያያይዘውም ስለዚህ ነው። ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ በዚህ ሥራ እንዳይቀጠር በ1788 ሕግ ወጥቶ ነበር፤ ልጆችን ጭስ ማውጫ ውስጥ ማስገባት የቆመው ግን በ1875ቱ ሕግ ነው። ሰማንያ ሰባት ዓመት!

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ «ግጥሙ ምን ተሰማችሁ?» ስንባል፣ «ቻርተሩን ማን ሰጠው? ማንስ ተጠቀመበት?» ብለን መጠየቅ እንልመድ።