ስላይድ ብቻውን ምርምር ይሆናል ወይ?



ባለፈው ሳምንት ከምሳ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ሞቅ ያለ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ላልነበራችሁት ነገሩ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ተግባራዊ ምርምራችንን እንደ ድሮው ጽፈንና አስጠርዘን ከምናስረክብ በስላይድ ብቻ ሠርተን እናቅርብ፤ ስላይዱም በተቋማችን የቴሌግራም ቻናል ላይ ይውጣና እንደ ታተመ ይቆጠርልን የሚል ሐሳብ ከሠልጣኞች ቀርቧል። ከአሠልጣኞቻችንም የደገፉት አሉ። እኔም በዕለቱ «ይበል!» ብለው ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ የምለጥፈው ሐሳቤን ስለ ለወጥኩ ነው። ለምን እንደ ለወጥኩም መናገር ይገባኛል።

አስቀድሜ ግን የደጋፊዎቹን እውነት እውነት ልበል። ማተሚያ ቤት በገጽ ነው የሚያስከፍለን፤ መጠረዣው ደግሞ ለብቻው ነው። ይህን ሁሉ ከፍለን የምናስረክበው ጥራዝ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ አቧራ ይለብሳል። ካለፈው ዓመት ጥራዞች አንዱን እንኳ አውጥቶ ያነበበ ካለ እጁን ያውጣ! ስላይድ ግን ቢያንስ ከስልክ ወደ ስልክ ይሄዳል። በውጭው ዓለምም ቢሆን ስላይድን እንደ ምርምር ኅትመት መቁጠር እንግዳ ነገር አይደለም። በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) በጄኔቫው የምርምር ማዕከል በሰርን የተከፈተው ዜኖዶ የተባለ የምርምር ማኅደር ስላይድ ይቀበላል፤ ፊግሼር የተባለውም እንደዚሁ። ለእያንዳንዱም የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይሰጡታል፤ ሌላው ተመራማሪ በዚያ ቁጥር ሊጠቅሰው ይችላል። ስለዚህ ጓደኞቻችን ያመጡት ሐሳብ ከሜዳ የተነሣ አይደለም።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው?

ባለፈው መንፈቅ ለማስተማር ልምምድ በወጣሁበት ትምህርት ቤት የ2ኛ ክፍል አማርኛ ተሰጥቶኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ 62 ልጆች አሉ። ብዙዎቹ ፊደል ይቆጥራሉ እንጂ ቃል አያነቡም። ምን ላድርግ ብዬ ስጨነቅ ከእኛ በፊት የተመረቀ አንድ ልጅ የሠራው ስላይድ በስልኬ ደረሰኝ። ስለ ጥንድ ንባብ ነው። ዘጠኝ ገጽ ናት፤ ስታዩዋት ታምራለች። አንዱ ገጽ «የጥንድ ንባብ ተግባራዊ መደረግ» ይላል፤ ቀጥሎ «የተማሪዎች ተሳትፎ» ይላል፤ ከዚያ «ከፍተኛ መሻሻል» ይልና ወደ ላይ የምትወጣ አረንጓዴ ቀስት አለች። እኔም ቀስቷን አምኜ ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀመጥኳቸው።

ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። የሚያነቡት አነበቡ፤ የማያነቡት ዝም አሉ። መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ግን በጣም ታስደስተኝ ነበር፤ ከጓደኛዋ ጋር እኩል ድምፅዋን አውጥታ ታነባለች። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሳያት ለካስ ዓይኗ መጽሐፉ ላይ አይደለም፤ የጓደኛዋ አፍ ላይ ነው። ለብቻዋ ባስነብባት አንድ መስመር እንኳ መሄድ አቃታት። ያ ሦስት ሳምንት ለእኔ የልምምድ ጊዜ ነው፤ ለእሷ ግን ከ2ኛ ክፍል ትምህርቷ ላይ የተቆረጠ ነው፤ ማንም አይመልስላትም።

ይህን ነገር የልጆቹ ጥፋት ወይም የእኔ አለመቻል አድርጌ ይዤው ነበር። ከክርክሩ ማግሥት ግን ያንን ስላይድ ስልኬ ላይ እንደገና ሳየው የሠራውን ልጅ አፈላልጌ ደወልኩለት። አሁን ገጠር ያስተምራል። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ሥራውን የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ደስ አለው። ስንት ልጆች ነበሩ? አልኩት። 18 አለኝ። በክፍለ ጊዜው ውስጥ ነው? የለም፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አስቀርቷቸው ነው። ከማጣመሩም በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ፊደል ፈትኖታል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የወሰነውም በዚያ ፈተና ነው። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ለምን ስላይዱ ላይ የለም?» ብለው «ሳቀርብ እኮ በአፌ ተናግሬዋለሁ!» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ተናግሯል። በዕለቱ የነበሩትም ሰምተውታል። እኔ ግን ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ አልነበርኩም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል የሰማነው ለፈተና ብቻ ነው እንዴ?

ነገሩ የዚያ ልጅ ስንፍና ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የስላይድ አጻጻፍ ራሱ የሚያመጣው ጣጣ አለ፤ በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቋንቋችን ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገው፣ በእርግጥ አድርጎት ይሁን ወይም ሊያደርግ አስቦ የቀረ ይሁን፣ ይህ ሁሉ የሚታወቀው በግሡ ነው። ነጥብ በነጥብ ስንጽፍ ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ መጀመሪያ የምንቆርጠው እሱን ነው። «የተማሪዎች ተሳትፎ» ብለን እንተዋለን። ተሳትፏቸው ጨመረ? ቀነሰ? ተለካ? ወይስ ሊለካ ታስቦ ቀረ? ከግሡ ጋር «ምክንያቱም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ካልሆነ በቀር» የሚሉት አያያዦችም አብረው ይሄዳሉ። ምርምር ማለት ደግሞ አብዛኛው እነሱ ናቸው። በግልጽ እንነጋገር ከተባለ ብዙዎቻችን ስላይድን የምንወደው ለዚሁ ነው፤ እኔን ጨምሮ። ሁለት ዐረፍተ ነገር አያይዞ መጻፍ ያስቸግረናል፤ ነጥብ ደግሞ መያያዝን አይጠይቅም።

አጎቴ ድጓ የተማሩ ናቸው። በመጽሐፉ መስመሮች መካከል የተጻፉትን ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች ልጅ ሳለሁ አሳይተውኝ ያውቃሉ። ምልክቱ ዜማውን የተማረውን ሰው ያስታውሰዋል እንጂ ያልተማረውን አያስተምረውም፤ ከመምህር አፍ ያልሰማ ሰው በምልክት ብቻ ዜማ ላውጣ ቢል መሳቂያ ይሆናል አሉኝ። ፓወርፖይንትም ሲፈጠር ሐሳቡ ከዚህ የራቀ አልነበረም። በ1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1987) ለማኪንቶሽ ኮምፒዩተር ሲወጣ ሥራው አንድ ተናጋሪ ቆሞ እያብራራ በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር የሚያሳየውን ገጽ ማዘጋጀት ነበር። ለተናጋሪው ማስታወሻ የሚሆን ገጽም ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረው። ዛሬም ከስላይዱ ሥር ያለችው ባዶ ቦታ ለዚያው ናት። ስንቶቻችን ጽፈንባት እናውቃለን?

ይህ የ2ኛ ክፍል ጉዳይ ስለ ሆነ ትንሽ ነው የሚል ካለ አንድ ትልቅ ላንሣ። ጥር 8 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሰባት ሰዎች ይዛ ተነሣች። 82 ሴኮንድ ያህል እንደ ሄደች ከነዳጅ ታንኩ ላይ የተገነጠለ የፎም መሸፈኛ ቁራጭ ግራ ክንፏን መታት። መንኮራኩሯ ገና ጠፈር ላይ ሳለች መሐንዲሶች ጉዳቱን መርምረው ለኀላፊዎች ያቀረቡት በስላይድ ነበር። ከእነዚያ አንዱ ስላይድ አርእስቱ የሚያረጋጋ ነው፤ የቀድሞው የሙከራ ውጤት ለጥንቃቄ የተተወ ትርፍ እንዳለው ያመለክታል የሚል መንፈስ አለው። ከገጹ ግርጌ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ቁራጩ 1920 ኪዩቢክ ኢንች እንደሚሆን፣ የተሞከረው ግን 3 ኪዩቢክ ኢንች እንደ ነበር ተጽፏል። 640 እጥፍ መሆኑ ነው! በዚያች በትንሿ የተደረገ ሙከራ ስለዚህ ትልቅ ቁራጭ ብዙ ሊናገር አይችልም ማለት ነው። ዋናው ነገር ይህ ሆኖ ሳለ የተቀመጠው ግርጌ ላይ ነው። ጥር 24 ቀን ኮሎምቢያ ወደ ምድር ስትመለስ ሰማይ ላይ ተበታተነች፤ ሰባቱም ሞቱ።

በየል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ኤድዋርድ ተፍቲ ያንን ስላይድ መስመር በመስመር ተንትነውታል። አደጋውን የመረመረው ቦርድም ትንተናቸውን በሪፖርቱ ውስጥ አስገብቶ፣ ናሳ ውስጥ በቴክኒክ ጽሑፍ ፈንታ ስላይድ መለመዱን ነቅፏል። ስላይድ መንኮራኩር ሰበረ እያልኩ አይደለም። ክንፉን የሰበረው ቁራጩ ነው፤ ቦርዱም በአሠራሩ ውስጥ ብዙ ሌላ ጥፋት ቆጥሯል። የእኔ 18 እና 62ም ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ነገር ግን ቁጥሩ ከአንባቢው ዓይን የተሰወረበት መንገድ ይመሳሰልብኛል።

በስላይድ የተበሠረ መልካም ምርምርም አለ። ሰኔ 27 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) የሰርን ሳይንቲስቶች ሂግስ ቦዞን ሲባል ብዙ ዘመን የተፈለገውን የሚመስል ቅንጣት ማግኘታቸውን ለዓለም ያሳወቁት በስላይድ ነበር። ከአቅራቢዎቹ አንዷ ፋቢዮላ ጂያኖቲ ኮሚክ ሳንስ የሚባለውን የልጆች መጽሐፍ የሚመስል የፊደል ቅርጽ በመምረጣቸው ብዙ ተቀልዶባቸዋል። (እኛም እኮ ለቀለምና ለፊደል ቅርጽ የምናጠፋው ጊዜ ቀላል አይደለም።) ታዲያ ሁለቱ ቡድኖች በስላይዱ አላበቁም፤ ወር ሳይሞላ ሙሉ ጽሑፋቸውን ለመጽሔት ልከው በመስከረም 2005 ዓ.ም. ታትሟል። ሥራውን ማመሳከር የሚፈልግ ሰው የሚከፍተው ያንን ነው።

ስለዚህ ስላይዱ ይቅር አልልም፤ ቻናሉም ላይ ይውጣ። ግን ከእያንዳንዱ ስላይድ ሥር በዚያች ባዶ ቦታ፣ ስንት ልጆች እንደ ነበሩ፣ ለስንት ጊዜ እንደ ተሠራ፣ ምን እንደ ተለካና ምን ሳይሳካ እንደ ቀረ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ከነግሡ ይጻፍበት። ለዚህ የማተሚያ ገንዘብ አያስፈልግም። አሠልጣኞቻችንም ከማጽደቃቸው በፊት ስላይዱን በአቀራረቡ ዕለት ላልነበረ አንድ ሠልጣኝ ሰጥተው «ይህ ሰው ምን አደረገ? አንተስ ነገ ክፍል ገብተህ ልትደግመው ትችላለህ?» ብለው ይጠይቁልን። መመለስ ካቃተው ሥራው ለባለቤቱ ይመለስ። ከባድ ነው የሚል ይኖራል። እኔም ከባድ መሆኑን ያወቅሁት በራሴ ላይ ስሞክረው ነው።

የእኔ ርእስ በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስለሚቀሩ ልጆች ነው። 11 ስላይድ ሠርቼ ጨርሻለሁ ብዬ ተቀምጬ ነበር። 7ኛው «የቀሪዎች ቁጥር መቀነስ» ይላል። ከሥሩ ልጽፍበት ብዬ «ቀነሰ» ስል፣ ከስንት ወደ ስንት? ደብተሬን ባገላብጥ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አልቆጠርኩም ኖሯል። የስም መጥሪያው ያለው እዚያው ትምህርት ቤት ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስለሌለን እሄዳለሁ። ያች መስኮት አጠገብ የምትቀመጠው ልጅም እዚያው ናት፤ እግረ መንገዴን ለብቻዋ ፊደል ልጠይቃት አስቤአለሁ።

ከ2ኛ ዓመት ሠልጣኞች አንዱ