ቃላችሁን ሳታነቡ አትፈርሙ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ፖሊስ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ዐረፍ እያላችሁ አንብቡት። ያስቸገራችሁ ፊደል ካለ ምልክት አድርጉበትና በማታው ትምህርት አብረን እናነበዋለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። እዚህ ሊበን ከማስተምራቸው አንዱ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ አባት ናቸው። በበሬ ነገር ከጎረቤታቸው ጋር ተጣሉ። ጎረቤቱ በዱላ መታቸው። ጣቢያ ሄደው ከሰሱ። ፖሊሱ ጠየቃቸው፤ እሳቸው ተናገሩ፤ ፖሊሱ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አደረገና ቀለሙን አቅርቦ «አውራ ጣትዎን ያኑሩ» አላቸው። እሳቸው ግን «ቆየኝ ልጄ፣ ላንብበው» አሉ። ፖሊሱ ሣቀ። እሳቸውም ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «መታኝ» ብለው የተናገሩት «መታሁት» ተብሎ ተጽፏል።

አያችሁ? «መታኝ» የሚል ሰው ከሳሽ ነው። «መታሁት» የሚል ሰው ጥፋተኛ ነው። ልዩነቱ «ኝ» እና «ሁት» ብቻ ነው። ፖሊሱ በተንኮል ጻፈው አልልም። ሌሊቱን ሙሉ ጥበቃ አድሮ ደክሞትም ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ተስተካከለ፤ እሳቸውም ስማቸውን በእጃቸው ጻፉበት። ባያነቡትስ ኖሮ? ወረቀቱ ዓቃቤ ሕግ ዘንድ፣ ከዚያም ዳኛ ፊት ይደርሳል። ዳኛው ዱላው ሲያርፍ አላየ፤ የሚያየው የተጻፈውን ነው።

የቀድሞ ሰዎች «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር። ጠመንጃ የያዘውም የንጉሥ ሰው ስለሆነ እሱም አይከሰስም ማለት ነው። በዚህ በእኛ በጎጃም ነጭ ለባሽ የሚባለውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ደመወዝ የሌለው ጥበቃ ከገበሬው ጎተራ እንደሚበላ ከእኔ ይልቅ እነሱ ቢነግሯችሁ ይሻላል። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ባመፀ ጊዜ ምክንያቱ አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ነው ይባላል። እውነት ነው። ግን ግብሩ ብቻ አልነበረም፤ በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ አስተዳደር ሥር የነበሩ ሹማምንትና ጠመንጃ ያዦች ሕዝቡን አስመርረውታል። አቤቱታ ይዘው አዲስ አበባ ድረስ የሄዱ ነበሩ። ሰሚ የተገኘው ግን ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ገዢው ተነሡ፤ ውዝፍ ግብሩም ተማረ።

ከዚያ በ1968 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 71 የገበሬ ማኅበራት የራሳቸው ፍርድ ሸንጎና የራሳቸው ጥበቃ ጓድ እንዲኖራቸው ተደረገ። ጠባቂው የእኛው ልጅ ከሆነ አይበድለንም ተባለ። መልካም ሐሳብ ነበር። ነገር ግን ወዲያው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በከተማ ቀበሌዎች ለጥበቃ ጓዶች «ነፃ እርምጃ» ተፈቀደላቸውና ስንቱ ወጣት ያለ ፍርድ ሞተ። ገዳዮቹ ከሩቅ አገር የመጡ አልነበሩም፤ የዚያው ሰፈር ልጆች ነበሩ። ስለዚህ ጠባቂው ከእኛ መውጣቱ ብቻ አይበቃም እላለሁ። ጠያቂ ያስፈልገዋል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። 48 ሰዓት ማለት ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ነው። ለምን እንደተያዘም በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። በአንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ወዳጁ፣ የነፍስ አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት ይችላሉ። እስረኛን የደበደበ ፖሊስም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቁጥር 424 ራሱ ይከሰሳል።

አንዲት ቀዳዳ ግን አለች። ከተያዘበት ቦታ እስከ ፍርድ ቤት ያለው የመንገድ ጊዜ ከ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም። ክረምት ነው፣ ወንዝ ሞልቷል፣ መኪና የለም ይባላል። እውነትም ሊሆን ይችላል። ግን መንገዱን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው ማን ነው? በእግር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ። የአንድ ቀን መንገድ ሁለት ሳምንት ከሆነ ጠይቁ።

በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በክልላችን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ 10 ወር ያህል ሲቆይ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሰው መያዝ ተፈቅዶ ነበር። ብዙ ሰው ዳኛ ሳያይ ታስሮ ከረመ። ይህን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በመግለጫው ተናግሯል። ኮሚሽኑ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመ ነው፤ አቤቱታ ይቀበላል፣ ጣቢያዎችን ይጎበኛል። ቅር የሚለኝ ማሳሰቢያ ይሰጣል እንጂ ማዘዝ አለመቻሉ ነው።

ከዚያ በፊትም ያየነው አለ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በተነሣው ሁከት 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች ሞቱ። ፓርላማው አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ከአገር ወጥተው «አብዛኞቻችን የተወሰደው ኃይል ከመጠን ያለፈ ነው ብለን ወስነን ነበር» አሉ። በ1999 ዓ.ም. ጥቅምት ለፓርላማ የቀረበው ሪፖርት ግን ኃይሉ ከመጠን አላለፈም አለ። የሙታኑ ቁጥር ያው ነው፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ። አጣሪው የሚፈራው ጌታ ካለው ማጣራቱ ምን ይጠቅማል?

ጎረቤታችን ኬንያ ከምርጫ ደም መፋሰስ በኋላ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2011፣ ፖሊስን ብቻ የሚቆጣጠር የሲቪሎች መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቁማለች። ሰው በፖሊስ እጅ ሲሞት የሚመረምረው እሱ ነው። ኬንያ በዚህ ገነት ሆነች አልልም፤ ዛሬም በፖሊስ ጥይት ይሞታሉ። ሆኖም አቤት የሚባልበት በር አለ። ለእኛም እንዲህ ያለ በር ይገባናል።

አንዳንዶቻችሁ «ፖሊስን እንዲህ ከተቆጣጠርነው የከብት ሌባውን ማን ያባርርልናል?» ትላላችሁ። ይህንን አልንቀውም። ፖሊሱም የደሀ ልጅ ነው፣ በሌሊት ይወጣል፣ ይሞታልም። ግን ገበሬው የማያምነውን ፖሊስ ሌባው የት እንደገባ ማን ይነግረዋል? ዝም ነው የሚባለው።

እስከዚያው እኛ ምን እናድርግ? ከየማኅበሩ ማንበብ የቻሉ ሦስት ሰዎች፣ አንዷ ሴት ሆና፣ ይመረጡ። የታሰረ የመንደራችን ሰው ሲኖር በወዳጅነት ሄደው ይጎብኙት፤ መቼ ተያዘ፣ ለምን ተያዘ፣ መቼ ፍርድ ቤት ቀረበ ብለው በደብተር ይጻፉ። የጣቢያው ኃላፊም በየሦስት ወሩ በስብሰባችን ላይ መጥቶ ከደብተሩ ጋር እያስተያየ እንዲያስረዳን እንጠይቅ። እምቢ ቢል እምቢታውም በቀኑ ይጻፍ።

የሚመጣው ማክሰኞ ማታ በጥቁር ሰሌዳው ላይ «መታኝ»፣ «መታሁት»፣ «መታን»፣ «አልመታሁም» የሚሉትን ቃላት እጽፋለሁ። ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ኑ።