ሐይቅ ሲደርቅ ጂዲፒ ያድጋል? የሐረማያ ሒሳብ

ሐረማያ ሐይቅ መድረቁ በአገራዊ ምርት መዝገብ ላይ እንደ ዕድገት ተቆጠረ ብንላችሁ ትስቁ ይሆናል። የሒሳቡ ደንብ ግን እንደዛ ነው። እስኪ አብረን እናስላው።

ታሪኩን ለማታውቁት፦ ሐረማያ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። ለአሥርት ዓመታት ሐረርን፣ አወዳይንና የሐረማያን ከተማ ሲያጠጣ ኖሯል። ዓሣ ይወጣበታል፣ ከብት ይጠጣበታል፣ ገበሬው ድንችና ጫት ያለማበታል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ግን ጭራሽ ደረቀና ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ።

ማን አደረቀው? አንድ ጥፋተኛ ብትፈልጉ አታገኙም። ዙሪያው ያሉት ተራሮች ስለተራቆቱ ዝናብ በጣለ ቁጥር አፈሩ ተጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ደለል ሲሞላው ጥልቀቱ ያንሳል፣ ጥልቀቱ ያነሰ ውሃ ደግሞ በፀሐይ ቶሎ ይተናል። በዚያ ላይ ከተሞቹ ይስባሉ፣ ገበሬውም በሞተር ፓምፕ ይስባል፣ በተለይ ለጫት። ገበሬውን ለመውቀስ ግን አንቸኩል። ጫት ከማሽላ በጣም የተሻለ ገቢ አለው፤ የፓምፑ ወጪ ደግሞ ነዳጅ ነው እንጂ ውሃው ሒሳብ አይጠየቅበትም። እኔ ብተወው ጎረቤቴ ይስበዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ሞኝ አይደለም። ትርፉ የየግል፣ ኪሳራው የጋራ ሲሆን ሁሉም በየፊናው ትክክል ሆኖ ሐይቁ ያልቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ተጠማች። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ድሬዳዋ አቅራቢያ ድሬ ጃራ በሚባል ቦታ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቧንቧ ዘርግቶ ውሃውን ወደ ሐረር መግፋት ነው። የመሬቱን አቀማመጥ አስቡት። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ሜትር አካባቢ። በመሃል የደንገጎ ዳገት አለ፤ በዚያ መንገድ በሚኒባስ የወጣ ሰው ሞተሩ እንዴት እንደሚያቃስት ያውቀዋል። ውሃው ያንን ዳገት በመብራት ኃይል ነው የሚወጣው፣ በየቀኑ። ድሮ ግን የሐረር ውሃ እዚያው ጎረቤቷ፣ ያውም ከእሷ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነበር።

ወደ አነሳነው ጥያቄ ስንመለስ፣ ለኮንትራክተሩ የተከፈለው፣ ሲሚንቶው፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ በየወሩ የሚቆጥረው የመብራት ሒሳብ፣ ከውጭ የተገዛው ዕቃ ተቀንሶም ቢሆን፣ ኢኮኖሚያዊ እንቅስቃሴ ተብሎ ይመዘገባል። ሐይቁ በሕይወት ሳለ ያን ሁሉ ውሃ በነጻ ሲያጠራቅም የነበረበት ሥራ ግን የትም አልተጻፈም። ያልተጻፈ ነገር ሲጠፋ ደግሞ አይቀነስም። መዝገቡ የሚያየው ዕዳውን ሳይሆን ጥገናውን ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት በቁጥር ለመሙላት የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሮበርት ኮስታንዛና ባልደረቦቹ ተፈጥሮ ለሰው ልጅ የምትሰጠውን አገልግሎት በዓመት በአማካይ 33 ትሪሊዮን ዶላር ብለው ገመቱት፤ ይህ በወቅቱ ከዓለም አጠቃላይ ምርት ይበልጥ ነበር። ብዙ የኢኮኖሚ ሰዎች ተቹት፣ ትችቱም ውሃ የሚያነሳ ነው። ያለ አየርና ያለ ውሃ ገበያ ራሱ ስለሌለ ለሁሉም አንድ የዋጋ ወረቀት መለጠፍ ያስቸግራል።

እኛን ይበልጥ የሚያሳምነን ጠበብ ያለው ስሌት ነው። ቡናን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት በኢትዮጵያ ጫካዎች ውስጥ ያለው የዱር ቡና የዘረመል ሀብት ብቻውን፣ በ30 ዓመት ሲታሰብ፣ እንደ ስሌቱ ዘዴ ከ420 ሚሊዮን እስከ 1.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያወጣ ገምቷል። በሽታን የሚቋቋም፣ ካፌይኑ ዝቅ ያለ፣ ምርቱ ከፍ ያለ ዝርያ የሚገኘው ከዚያ ነውና። ይህ ደግሞ የወረቀት ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ገብቶ ማሳውን ሲያወድም፣ የጂማ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ቡና ፈልገው ያገኙት ከዚሁ ከአገር በቀሉ ቡና መሃል ነው። ያ ጫካ ቀድሞ ለከሰል አልቆ ቢሆን ኖሮስ? ጫካውን ሳይቆርጥ ያቆየው ገበሬ ግን ለዚህ የተቆረጠለት ክፍያ የለም።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚመረው። በየዓመቱ በበጋው፣ በተለይ ከጥር ጀምሮ፣ የገጠሩ ሰው ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። እርከን ይሠራል፣ ችግኝ የሚተከልበት ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ያውም በነጻ ጉልበቱ። ጥቅሙ ወደ ታች ይወርዳል፦ ለከተማው ውሃ፣ ለግድቡ ከደለል ማረፍ፣ ለእኛ መብራት። የከተማ ሰው ለቧንቧው ይከፍላል፤ ቧንቧው ውስጥ ውሃ እንዲኖር ለሚያደርገው ሰው ግን አይከፍልም። ኮስታ ሪካ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ከነዳጅ ከምትሰበስበው ታክስ ላይ ደኑን ላልቆረጠ ባለመሬት ትከፍላለች። ፍጹም አሠራር ነው አንልም፤ ግን ቢያንስ ማን ለማን እንደሚከፍል ተጽፏል።

ሐረማያስ? በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ ዝናቡም፣ ዙሪያው ላይ የተሠራው የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራም ረድቷል። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ሼር ያላደረገ የለም፣ እኛም አድርገናል። ግን ጫቱ አሁንም እዚያው ነው፣ ተራሮቹም እንደዚያው ናቸው፣ ውሃውም ዛሬም ዋጋ የለውም። ፓምፑን አጥፋ የሚባለው ገበሬ በምትኩ ምን ያገኛል? ከማን? እስካሁን አጥጋቢ መልስ አልሰማንም። የአካባቢው ልጆች ካላችሁ፣ ዘንድሮ ዳርቻው ላይ ስንት ሞተር ቆሞ እንደምታዩ ጻፉልን።