እኛን የት አደረግኸን?

ወደ ጓሳ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ነገር ነበር። አንድ ሹራብ (ከ3,200 ሜትር በላይ ሹራብ ቀልድ መሆኑን ማንም አልነገረኝም)፣ ማኅተም ያረፈበት የትብብር ደብዳቤ፣ ከዚያ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለ ሁለት ገጽ ማብራሪያ። ማዕረጌ «አስረጂ ተለማማጅ» ነው። እንግዳ ሲመጣ ፊት ፊቱ እየሄድኩ ስለ ቦታው መናገር። እስቲ አስቡት፤ መንዝን ረግጦ የማያውቅ የከተማ ልጅ፣ በገባ በሦስተኛው ቀን የመንዝ አስረጂ!

ማብራሪያው «የሰው እጅ ያልነካው ድንግል ተፈጥሮ» ብሎ ይጀምራል። የዛሬው ጠቤ ከዚህች ዓረፍተ ነገር ጋር ነው። ሸምድጃታለሁ፣ ደጋግሜ ተናግሬያታለሁ፣ ውሸት ናት።

ጓሳ የተነካ መሬት ነው፤ ያውም ለአራት መቶ ዓመት ገደማ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አቅኚ አባቶች የሚባሉት አስቦና ጌራ ለግጦሽና ለሣር ብለው ለዩት ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቦታው በ«ቄሮ» ሥርዓት ሲተዳደር ኖረ። (ቄሮ ስላችሁ በዜና የሰማችሁት እንዳይመስላችሁ፤ ይሄኛው የመንዝ ነው።) ባለመብቶቹ አለቃቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ። ጓሳው ለሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ ክረምት ሲመጣ ይዘጋል። በተዘጋ ጊዜ ማጭድ ይዞ የተገኘ ወዮለት። ሣሩ ለፎቶ የበቀለ አይደለም፤ የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ መጥረጊያ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ መጥቶ የቄሮን ሥርዓት አፈረሰው። ሰዉ ግን ዝም ብሎ አላየም፤ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ፣ ኋላም ቦታው በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ልብ በሉ፣ ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ባለቤት አለው።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 ገደማ ነው፣ ያለውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። ጓሳ ላይ ቀበሮው ያለው አይጥ ስላለ ነው፤ አይጡ ያለው ሣሩ ስለተጠበቀ ነው፤ ሣሩን የጠበቀው ደግሞ ሰው ነው። ጭላዳውም ከዚያው ሣር ነው የሚበላው። እኔ ግን ቀበሮውንና ጭላዳውን ይዤ ሰውየውን ከታሪኩ አስወጣሁት።

አንድ ቀን ሁለት ፈረንጆች ይዤ ወጣሁ። አብረውን አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ነበሩ፤ ዱላቸውን ተመርኩዘው ዝም ብለው ይሰማሉ። ቀበሮውን ከሩቅ ያዩት እሳቸው ናቸው። ያስረዳሁት እኔ ነኝ። ስንመለስ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አልካቸው?»

«የሰው እጅ ያልነካው ነው አልኳቸው፣ አባባ።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና «እኛንስ? እኛን የት አደረግኸን?» አሉ።

እንግዶቹ ጉርሻውን የሰጡት ለእኔ ነበር። ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ታዲያ ሽማግሌው እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ምን ይደረግ?» የሚል አይጠፋም። ለ«አስረጂ»ም ለ«አስተርጓሚ»ም ፈረንጅ ያለው አንድ ቃል ነው፤ እኛ ሁለት አለን፣ እንጠቀምበት። አስረጂው እሳቸው ይሁኑ፣ ተማሪው ያስተርጉም። ፍሪማን ቲልደን የሚባል አሜሪካዊ በዚህ ሙያ ላይ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ መረጃ መዘርገፍ ማስረዳት እንዳልሆነ ጽፏል። ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፣ ተፈትነንበታል፣ ረስተነዋል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ያልተነካ» ያልከው መሬት ላይ የሚኖር ሰው ወደፊት «ችግር» ይባላል። ሰሜን ተራሮችን እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ2016 የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከፓርኩ ወጡ። መውጣቱ ለዋልያው ጠቅሞ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ አሁን አልከራከርም። ጓሳ ግን ሰው ሳይወጣ የተጠበቀ ቦታ ነው። ይህን ሳይናገር የሚመለስ አስረጂ ምን አስረዳ?

ደግሞ ተለማማጅ ሄያጅ ነው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ እንደሆነው ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀረው ተማሪው ነው፣ ቀጥሎ ቱሪስቱ። የመንዝ ሰው ከነበጉ እዚያው ነው።

ስለዚህ ተማሪ የምትልኩ ሰዎች፣ መጀመሪያ ያንን ሁለት ገጽ ቅደዱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ተማሪው እረኛና ጥበቃ ተከትሎ ይዋል፣ አፉን ዘግቶ። ለሚያስተምሩት ሰዎች የቀን አበል ይከፈል፤ ለአስተማሪ ይከፈል የለም እንዴ?

የእኔ የምዘና ቅጽ ላይ «የማስረዳት ችሎታ» የሚል ረድፍ ነበር። ከፍተኛውን ነጥብ አገኘሁ። የሞላው ሰው ጓሳን አላየም። ሽማግሌውን ማንም አልጠየቃቸውም፤ ቢጠየቁ ስንት እንደሚሰጡኝ ግን አውቃለሁ።